መጫወቻና ሞዴል

እንዲህ ሆነላችሁ። አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለልጄ ልደት ብሎ በሰው እጅ አንድ ካርቶን ላከ። ክዳኑ ላይ የምታብረቀርቅ ሰማያዊ ቮልስ ተስላለች። ልጄ “መኪና!” ብሎ ጮኸ፤ ቤተሰቡ ከበበው፤ ካርቶኑ ተከፈተ። መኪና የለም። ውስጡ ያለው የመስኮት ፍርግርግ የመሰለ ፕላስቲክ ነው። በፍርግርጉ ላይ ጥፍር የሚያካክሉ ነገሮች ተንጠልጥለዋል፤ በእያንዳንዳቸው አጠገብ ቁጥር አለ። መኪና መኪና የሚሸቱት አራቱ ጥቋቁር ጎማዎች ብቻ ናቸው። ባለቤቴ አየት አደረገችና “ውይ! መንገድ ላይ ተሰባብሮ ነው የመጣው” አለች።

እኔ ግን አባት ነኝና አላዋቂ መምሰል አልፈለግሁም። “ይሄ የሚገጣጠም ሞዴል ነው” አልኩ፣ ዕድሜ ልኬን ሞዴል ስገጣጥም እንደኖርኩ ሁሉ።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህች ቮልስና፣ በዚያው ሰሞን እኛ ሰፈር፣ ኮልፌ ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ስለተሠራች አንዲት የሽቦ አይሱዙ ነው። ሁለቱ መኪኖች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተገናኝተው ነበር። አንደኛዋ ተሸለመች። ሌላዋ... እንደርስበታለን።

በመጀመሪያ ስለ ቮልሷ። የሠራት ታሚያ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ሺዙኦካ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 የእንጨት መሰንጠቂያ ሆኖ ተቋቁሞ ኋላ ወደ ፕላስቲክ የዞረ። መኪናዋ የ1966 ቮልስ ናት፤ ከእውነተኛዋ በ24 እጥፍ ታንሳለች። የእውነቷ ቮልስ ርዝመት 4 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ24 ሲካፈል 17 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁ፤ ልክ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ጀርመኖች የፈለሰፏት፣ ጃፓኖች ያሳነሷት፣ አሜሪካ የተገዛች መኪና ኮልፌ ገባች። ከቤታችን መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ደግሞ፣ ጋራዡ በር ላይ፣ ሁለት የእውነት ቮልሶች ጎማቸው ተነቅሎ ድንጋይ ላይ ከተቀመጡ ዓመታት አልፈዋል። ልጄ ወደ እነሱ ዞር ብሎ አይቶ አያውቅም።

የፕላስቲክ ሞዴል ሥራ ከውጭ ሲያዩት የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ሲገቡበት ግን ሌላ ነው። ዕቃው ከፍርግርጉ በመቁረጫ ይቆረጣል እንጂ በእጅ አይገነጠልም፤ ከተገነጠለ ጠባሳ ይተዋል። የቀረችው ጉጥ በምላጭ ትላጫለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ትታሻለች። ማጣበቂያው ራሱ እኛ የምናውቀው ኮላ አይደለም። ኮላ በሁለት ነገሮች መካከል ገብቶ ይይዛል። የሞዴል ማጣበቂያ ግን ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጠውና ሁለቱን አካላት አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሲተን ብየዳ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ የመሠረት ቀለም፣ ከዚያ ሥሥ ቀለም፣ ማድረቅ፣ እንደገና ሥሥ ቀለም። ትዕግሥት የሌለው ሰው አንዴ ደፍድፎ ቀብቶ የበሩን መስመር ከነእጀታው ይደፍነዋል። ይህን ያህል ያወቅሁት ስንቱን አበላሽቼ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ችግሩ፣ ማጣበቂያውና ቀለሙ በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ነገሮች ስለሆኑ በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ አይታጨቁም። ካርቶኑ የመጣው ያለ ሁለቱም ነው። መርካቶን አካለልኳት። “የሞዴል ማጣበቂያ አለ?” ስል ባለሱቆቹ የሚያዩኝ አስተያየት! አንዱማ “ሞዴሎች የሚጠቀሙበት የፀጉር ነው?” አለኝ። በመጨረሻ ሱፐር ግሉ ገዛሁ። አካሉን አጣበቀልኝ፤ ነገር ግን ትነቱ የመስኮቶቹን ፕላስቲክ ነጭ ጉም አለበሰው። ቮልሷ ዓይኗን ሞራ የጋረዳት አሮጊት መሰለች። አውራ ጣቴም ከበሩ ጋር ተጣበቀ፤ ባለቤቴ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አላቀቀችኝ። ልጄ? ልጄ ቴሌቪዥን ያያል። “አባዬ፣ ስትጨርስ ጥራኝ” ብሎኛል።

ለቀለሙ ጋራዡ ሄድኩ። ባለ ቀለሙ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና የቀባ ሰው ነው። ቮልሷን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አገላብጦ አየ። አልሳቀም። “ወንድሜ፣ ይሄ ምን ዓይነት ፕላስቲክ ነው?” አለኝ። “ፕላስቲክ ነዋ!” አልኩት። “ትርፍ ቁራጭ የላትም?” ፍርግርጉን ሰጠሁት። ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሮ ቁራጩን አሸት አሸት አደረገው። ፕላስቲኩ እንደ ማስቲካ ተዝለገለገ። “አየህ፣ እንደ መኪና ብረጫት ኖሮ እጅህ ላይ ትሟሟልህ ነበር” አለኝ። ከዚያ መርጫውን ራቅ አድርጎ፣ ቀለሙ ገና አየር ላይ እያለ ቲነሩ እንዲተን አድርጎ፣ እንደ ጤዛ ስድስት ጊዜ ረጨው። በየመሃሉ ሻይ ጠጣን። ሒሳብ ስንት ነው ስለው “ለመጫወቻ ደግሞ ምን ሒሳብ አለው?” አለ።

ይህቺን “መጫወቻ” የምትል ቃል ያዙልኝ።

አሁን ወደ አይሱዙዋ። ከጓሯችን አጥር ማዶ የ13 ዓመት ልጅ አለ። እናቱ ጉልት ትቸረችራለች። ስሙን አልጠራም፤ ባለ ሽቦው እንበለው። የሽቦ መኪና ስል መቼም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከእናንተ መካከል ያልነዳ ካለ እጁን ያውጣ። ሽቦ ተጣጥፎ አካል ይሆናል፤ ቆርኪ፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ወይም ከአሮጌ ሲሊፐር የተቆረጠ ክብ ጎማ ይሆናል፤ ረዥም ሽቦ ከፊት ጎማ ተነሥቶ እስከ ደረት ይደርስና ጫፉ ላይ መሪ ይቀመጥበታል። ሯጩ ሞተር ነው፤ አፉ ክላክስ ነው። በእኛ ዘመን ቆርቆሮ የሚገኘው ከእርዳታ ዘይት ነበር፤ የሁለት እጆች ሰላምታ የታተመበት ያ ቆርቆሮ ስንት የጭነት መኪና፣ ስንት ማሰሮ መክደኛ፣ ስንት የኩራዝ መብራት ወልዷል። ደህና ባለሙያ የሆነ ልጅ የእጅ ለእጁ ሰላምታ በትክክል የመኪናው በር ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ይቆርጥ ነበር።

አንድ ነገር ልብ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ባለ ሽቦው ነው ያስተዋወቀኝ። ልጆች የሚሠሩት የሚያምረውን መኪና አይደለም፤ መንገዱን የሚገዛውን ነው። ታላላቆቻችን ኤንትሬ ይሠሩ ነበር፤ አፍንጫ የሌለውን፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነውን ያንን የፊያት ጭነት መኪና። ቀጥሎ ላንድሮቨር ነገሠ። ከዚያ ትልልቁ ሰው በፍጥነቱና በጨራሽነቱ “አልቃይዳ” ያለው አይሱዙ መጣ፤ ከእሱ ኋላ “ቀይ ሽብር” የተባለው ሲኖትራክ። ትልልቁ ሰው ስም ሲያወጣ፣ ልጆቹ ደግሞ በሽቦ ቀረጹት። የሽቦ መኪና ሙዚየም ቢኖረን የአገራችንን የመንገድ ታሪክ አንድ መደርደሪያ ላይ እናነበው ነበር። የለንም፤ ምክንያቱም መኪናው ሲሰበር ሽቦው ለአጥር ማሰሪያ ይሄዳል።

የባለ ሽቦው አይሱዙ ግን እኔ ከማውቃቸው ሁሉ ትለያለች። መጀመሪያ ያየኋት አጥሩ ሥር፣ ጭቃ ጭና ስትሄድ ነው። ልኳ ያስደነግጣል። የፊቷ ጉብታ፣ የጋቢናዋ ቁመት፣ የካሶኒዋ ርዝመት... አንድም ቦታ ዓይን አይቆረቁርም። “እንዴት ለካኸው?” አልኩት። “በጎማ ነዋ ጋሼ!” አለኝ፣ ይሄ ምን ይጠየቃል በሚል አነጋገር። ለካስ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የቆመ የእውነት አይሱዙ ሥር ገብቶ የጎማውን ከፍታ በገመድ ወስዶ፣ በዚያው ገመድ መኪናውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው ለክቶታል። ስምንት ጎማ ሆነ። የእሱ ጎማ የጫማ ቀለም ክዳን ነው፤ ስለዚህ ስምንት ክዳን የሚያህል ሽቦ ቆረጠ። የበሩ ስፋት አንድ ጎማ ከሩብ። የጋቢናው ቁመት ሁለት ጎማ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁሉንም ነገር በጎማ አወጣው። ማታ ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ብሠራው ከእውነተኛው 13 እጥፍ ገደማ ያንሳል። እሱ ቁጥሩን አያውቀውም። ሥራውን ግን ያውቀዋል።

ሌላው ባሌስትራዋ ነው። ዕቃ የሚታሰርበትን ቀጭን ብረት በአራት ልክ ቆራርጦ፣ ረዥሙን ከታች አጭሩን ከላይ ደራርቦ፣ መሃሉን በሽቦ አስሮታል። ጭቃ ስትጭን ዝቅ ትላለች፤ ሲወርድላት ትነሣለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ሲከለከል ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ወሬ ይንጫጫ ነበርና “የአንተዋ እንዴት ልትሆን ነው?” ብዬ ቀለድኩበት። “ጋሼ፣ የኔ ድሮም ነዳጅ አትጠጣም!”

ሽቦ እንደ ድሮው አይገኝም። እኛ ልጆች ሆነን ሽቦ ከየትም ይለቀም ነበር። ዛሬ ቁራሌው ሳይነጋ ሰፈሩን ያስሰዋል፤ ብረት በኪሎ ገንዘብ ነው፤ መሬት ላይ የወደቀች ሚስማር አታገኙም። ባለ ሽቦው ሽቦ የሚያገኘው ከሕንፃ ሥራ ቦታ ነው። የፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ፣ ግማሽ ቀን አሸዋ አቀብሎ በክፍያ መልክ የሚሰጠው። ወደ ረጲ፣ ወደ ቆሼ ቢሄድ የፈለገውን እንደሚያገኝ ያውቃል፤ እናቱ ግን ያንን አቅጣጫ ጨርሳ ከልክላዋለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲያልቅ የምታውቃቸው ሰዎች ነበሩበትና።

ይኸውላችሁ፣ እንዲህ እያለን ዐውደ ርዕዩ ደረሰ። በአካባቢው ያሉ የግልና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች “የፈጠራ ሥራ” የሚያሳዩበት ቀን ነው። የየትኛው ትምህርት ቤት አዳራሽ እንደነበር ይቅር። ልጄ ቮልሷን ይዞ ገባ፤ ባለቤቴ ከበታቿ ጥቁር ቬሎ አንጥፋላታለች። ባለ ሽቦው አይሱዙዋን እየነዳ መጣ። በር ላይ “ይሄን መሬት ለመሬት እየጎተትክ አትገባም” ተባለ፤ ተሸክሟት ገባ። ጠረጴዛ አልተረፈም ነበርና ጥግ ላይ፣ መጥረጊያው አጠገብ አስቀመጣት።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። ቮልሷ ዘንድ ቆሙ። “አንተ ነህ የሠራኸው?” “አዎ።” “ብቻህን?” ልጄ ወደ እኔ አየ። እኔ... ኮርኒሱን አየሁ። “አዎ” አለ። ጻፉ። ባለ ሽቦው ዘንድ ሲደርሱ አንደኛዋ ዳኛ ጎንበስ ብላ ካሶኒውን ጫን አደረገችው፤ ባሌስትራው ዝቅ ብሎ ተነሣ፤ ፈገግ አለች። ጓደኛዋ ግን ክንዷን ነካ አድርጎ “ይሄ እኮ መጫወቻ ነው። ያኛው ሞዴል ነው” አላት። ሄዱ።

ልጄ ሁለተኛ ወጣ። የምስክር ወረቀትና የጂኦሜትሪ ሣጥን ተሸለመ። አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? እየተመለስን ሳለ በልቤ የተሸላሚዎቹን ስም ቆጠርኩ፦ ዲዛይኑን የሠሩ ጀርመኖች፣ ቅርጹን ያወጡ ጃፓኖች፣ የገዛ ወንድሜ፣ ያጣበቅሁ እኔ፣ የቀባው የጋራዡ ሰው። ልጄ የጨመረው አንድ ነገር ቢኖር የታርጋዋን ወረቀት ነው፤ እሱንም አጣሞ።

አሁን የቅሬታ ደብዳቤ እየጻፍኩ አይደለም። ሥራዎቹን እንደ ሥራ እንያቸው። የሽቦ መኪናን አላቆላጵስም። እኛ አገር የሽቦ መኪና ስናደንቅ “ምስኪን ልጅ፣ ከምንም ተነሥቶ!” እንላለን፤ ይሄ አድናቆት ሳይሆን ምፅዋት ነው። አይሱዙዋ ጉድለት አላት። የግራ በሯ መጋጠሚያ ተንሻፏል። የሽቦዎቹ ጫፍ ስላልታጠፈ እጅ ይቧጥጣል። ጋቢናው ውስጥ መቀመጫ የለም፤ ለምን አልሠራህም ስለው “አይታይማ!” አለኝ። ይህቺ “አይታይማ” የብዙ ሥራችን በሽታ ናት። የቤታችን ቧንቧ ሠሪም፣ የመንገዱ ሥራ ተቋራጭም የሚሉት ይህንኑ ነው። የፕላስቲኩ ሞዴል የሚያስተምረው እዚህ ላይ ነው። የቮልሷ መሪ በር ዝግ ስለሆነ በደንብ አይታይም፤ ሆኖም የመመሪያው ወረቀት የመሪውን ቀለም ከነቁጥሩ ያዝዛል። የማይታየውን አሳምሮ መጨረስ ጥበብ ነው፤ እሱን ጃፓኖቹ በ17 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አስገብተው ልከውልናል። ባለ ሽቦው ያቺን ካርቶን አንድ ወር ቢይዛት የት በደረሰ!

ልጄ ደግሞ አንድ ኪሎ ሽቦና አንድ ፒንሳ ያስፈልገዋል። መመሪያ የሌለው፣ ቁጥር ያልተጻፈበት፣ ስህተቱ የራሱ የሆነ ሥራ።

“መጫወቻ” እና “ሞዴል” የሚለው ክፍፍል ግን ከየት መጣ? የፕላስቲክ ሞዴሉን ታሪክ ብታዩ ክፍፍሉ ይፈርሳል። ኤርፊክስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በዚህ ሥራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1949 በሠራው የፈርጉሰን ትራክተር ነው። ትራክተሩ ለልጅ አልነበረም፤ የፈርጉሰን ሻጮች ለገበሬ የሚያሳዩት ናሙና ነበር። አሜሪካም ኤ.ኤም.ቲ. የተባለው ኩባንያ የጀመረው ለመኪና ሻጮች ማስተዋወቂያ የሚሆኑ ትናንሽ መኪኖችን በመሥራት ነው። ይኸው የነጋዴ ናሙና ነው ኋላ ተፈታትቶ በካርቶን ለልጆች የተሸጠው። ሞዴልና መጫወቻ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው ማለት ነው። እኛ ዘንድ ነው አንዱን የቤት ልጅ፣ ሌላውን የጓሮ ልጅ ያደረግናቸው።

በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ የሚያስቀናኝ አንድ ነገር አለ። ጄኔራል ሞተርስ ፊሸር ቦዲ በሚባለው ክፍሉ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ እስከ 1968 ድረስ ለአሜሪካ ወጣቶች ውድድር ያካሂድ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሚሠራው የኩባንያው ምልክት የሆነው የነገሥታት ሠረገላ ነበር፤ ከነመጋረጃው፣ ከነማጠፊያው። በኋላ ደግሞ “የወደፊቱን መኪና በራስህ አሳብ ቅረጽ” ተባለ። እንጨት ይጠረባል፣ ይቀባል፣ በፖስታ ይላካል። ሽልማቱ የጂኦሜትሪ ሣጥን አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ካሸነፉት አንዱ ቻክ ጆርዳን የተባለ ወጣት ነው። ይህ ሰው በ1986 የዚያው የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን ክፍል ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። አሸናፊውን ልጅ ተከትለው አሳድገው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ለጽድቅ ብለው አይደለም፤ ኩባንያ ነው፣ ጥቅሙን ያውቃል። ውድድሩ ለወንዶች ብቻ እንደነበር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ስንት ሴት ልጅ ያመለጣቸው እነሱ ይቁጠሩት።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛስ መኪና አንሠራም ወይ? እንሠራለን እንላለን። አምቼ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የጣልያን ጭነት መኪኖችን ሲገጣጥም ኖሯል። ሆላንድ ካር ከቻይና የመጡትን ገጣጥሞ “አባይ” ብሎ በወንዛችን ስም ሸጦልን ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ከሰረ። ማራቶን ሞተር በ2011 ዓ.ም. የሃዩንዳይ መገጣጠሚያ ከፈተ። በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች “ሲ.ኬ.ዲ.” የሚሉት ነገር አለ፤ ሙሉ በሙሉ ተፈታትታ፣ ዕቃዋ በሣጥን ተደርድሮ፣ መመሪያዋ ተያይዞላት የምትመጣ መኪና ማለት ነው። ይሄ ምንድን ነው? የልጄ ካርቶን ነዋ! በ24 እጥፍ አልታነሰም እንጂ። ቁጥር ያለው ዕቃ፣ ቁጥር ያለው መመሪያ፣ ከላይ የሚያምር ሥዕል። መገጣጠም አይናቅም፤ ጃፓኖችም ኮሪያዎችም በዚያ አልፈዋል። ነገር ግን እነሱ ሲገጣጥሙ ከጎናቸው አንድ ሰው ቆሞ “ይህቺን ባሌስትራ እኛ ብንሠራትስ?” ይል ነበር። የእኛ ሰፈር ባሌስትራ የሠራው ልጅ መጥረጊያ አጠገብ ነው የተቀመጠው።

ይህ በሽታ ደግሞ ያረጀ ነው። ቤድ ቤንትሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ንጉሡ ብረት ቀጥቃጩን “ጠይብ”፣ ሸማኔውን “ቁጢት በጣሽ” እያለ የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው አጋጣሚ ይሆናል። ውጤቱን ግን አየነው፤ መኪናው ተቀባይነት አገኘ፣ አዋጁ አላገኘም። በ1990ዎቹ አጋማሽ “10+1” እና “10+2” ሲመጣ ቴክኒክና ሙያ የሚሄደው ማን ነበር? ለመሰናዶ ነጥብ ያልመጣለት። ለዘመድ ሲነገር እንኳ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው፤ “ምን እናድርግ፣ ቴክኒክና ሙያ ገባ።” ከኛ ሰፈር ብዙም የማይርቀው ጄኔራል ዊንጌት በጃንሆይ ጊዜ የጎበዞች ትምህርት ቤት ስለነበር ሰው ስሙን በኩራት ያነሣል፤ ዛሬ ሙያ የሚሰጥበት መሆኑን ሲሰማ ግን “ውይ፣ ወደቀ ማለት ነው” የሚል ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሙያ ስለተማሩበት ወደቀ! ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲደረግ የማለፊያውን ነጥብ ያመጣው 3.3 በመቶው ተፈታኝ ብቻ ነበር። የቀረው ከዘጠና ስድስት በመቶ በላይ የሆነው ልጅ እጅ እንዳለው ያን ጊዜ ማን ጠየቀ?

እኔስ ማን ነኝ የምፈርደው? በዚያች አዳራሽ ኮርኒስ ስቆጥር የነበርኩት እኔ ነኝ። ማታ ልጄን ጠርቼ “ነገ ሄደህ አባቴ ነው የሠራው ብለህ ንገራቸው” አልኩት። “ሽልማቱን ይወስዱብኛል እኮ!” አለ። “ይውሰዱት።” “ታዲያ አንተ ለምን ያኔ አልተናገርክም?” መልስ አጣሁ። ባለቤቴ ከማዕድ ቤት “ልክ ብሏል!” ስትል ሰማኋት። ሳንናገር ቀረን፤ እነሆ ዛሬ በጋዜጣ ተናገርኩ፤ የጂኦሜትሪ ሣጥኑን የሚፈልግ ዳኛ ካለ ይምጣና ይውሰድ፤ ኮምፓሱ ብቻ ጠፍቷል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለ ሽቦው በር አንኳኳ። ቮልሷን ሊያይ የመጣ መሰለኝ፤ አወጣሁለት። አገላብጦ አያትና የሞተሩን ክፍል ከኋላ በጣቱ ነካ አድርጎ መለሰልኝ። የመጣው ለሌላ ነው። “ጋሼ፣ ያ ፍርግርጉ... ዕቃው የተቆረጠበት... ጣላችሁት?” አልጣልነውም፤ ቁም ሣጥን ላይ ነው። ምን ያደርግልሃል ብለው “ላሳይህ” አለኝ። ሻማ ተለኮሰ። ዘንጉን ከእሳቱ በላይ አራት ጣት ያህል አርቆ ያሽከረክረዋል፤ ሲለሰልስ ከእሳቱ አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ በዝግታ ይስባል። ዘንጉ እንደ ክር ቀጠነ፤ ሲቀዘቅዝ ቀጥ ብሎ ደረቀ። ለአይሱዙዋ አንቴና ሆነ። በኋላ ሳነብ ፈረንጆቹ ሞዴል ሠሪዎች ይህንኑ ዘዴ በሙያቸው ውስጥ እንደሚጠቀሙበት አወቅሁ፤ እሱ ግን ከማንም አልሰማም፤ የጋራዡ ሰው የሰጠውን ቁራጭ ይዞ ቤቱ በኩራዝ ሲሞክር ያገኘው ነው።

ልጄ ቴሌቪዥኑን ትቶ መጣ። “እኔም ልሞክር” አለ። የመጀመሪያው ተበጠሰ፤ ሁለተኛው ተቃጠለ። ባለ ሽቦው “ቀስ! እሳቱን አታስነካው፣ አሙቀው እንጂ” ይለዋል። ሦስተኛው ላይ ጣቱን ለበለበው። ቤቱ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተሞላ። ባለቤቴ መስኮት እየከፈተች ሦስታችንንም አንድ ላይ ተቆጣችን።